ሦስተኛው ምሰሶ

የካቲት አሥራ አራት ቀን፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤታችን ተሸለመ። እኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ስለነበር ሁሉንም ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየሁት። ሁለት ሰዎች መሰላል ተሸክመው መጡ። ሦስተኛው ካኪ ኮት ለብሶ፣ የብረት ሜትር ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላቸው መጣ። ሥራ ሲፈታ ሜትሩን ክንድ ያህል ይስብና ይለቀዋል፤ ጭርር ብሎ ይገባል። ስሙን ያኔም አላወቅሁትም። ሰፈሩ በሙሉ ባለሜትሩ ነበር የሚለው።

የምግብ ሳህን የሚያክል ሰማያዊ ቆርቆሮ ከበራችን በላይ አስደግፎ በሚስማር መታው። በነጭ ፊደል “ታሪካዊ ቤት፣ ቁጥር 17” ይላል። አሥራ ሰባተኛ የወጣን መስሎኝ ቅር አለኝ። ከስንት ቤት እንደሆነ ስለማላውቅ ግን ብዙም አላዘንኩም።

አባዬ አናጺ ነበር። ቆርቆሮውን አይደለም ያየው፤ ሚስማሩ የሚያርፍበትን ቦታ ነው።

“ጌታዬ፣ እሱ ጋ አይምቱት። መጋጠሚያው ነው፣ ይሰነጠቃል።”

ባለሜትሩ እንዳልሰማ ሆኖ መታው። እንጨቱ ጧ አለ። ከዚያ ወርዶ ከቦርሳው ወረቀት አወጣና ጎሮሮውን ጠርጎ አነበበ፦ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ በዚህ ቤት ላይ ማናቸውንም ለውጥ፣ እድሳት፣ ቅብ ማድረግ፣ አንድ ሚስማርም ቢሆን መምታት ክልክል ነው።

“አሁን የመቱትስ ፈቃድ አለው?” አለ አባዬ።

መሰላል የያዙት ሰዎች ሳቁ። ባለሜትሩ አልሳቀም። “ደስ ሊልዎት ነው የሚገባው” አለ፣ ወረቀቱን እያጠፈ። “ከእንግዲህ ቤትዎን ማንም አያፈርስብዎትም።”

ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ይዣታለሁ። አትዋጥም፣ አትተፋም።

ከመንገዱ ማዶ እትዬ ሬዲዮ በሯ ላይ ቆማ ታያለች። ወሬው ከሬዲዮ ቀድሞ እሷ ዘንድ ስለሚደርስ ነው እንዲህ የተባለችው። ያን ቀን መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት የሚከፍል ቀይ መስመር ቀብተው ነበር። የኛ ወገን ታሪካዊ ሰፈር፣ የሷ ወገን የረጃጅም ሕንፃ ዞን ተባለ።

“አንቺዬ!” ብላ ወደ እናቴ ጮኸች። “ለናንተ ጌጥ ሲሰቅሉላችሁ እኔ በር ላይ ቀለም ደፍተው ሄዱ!”

እማዬ ከላይ በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ “ያንቺስ ታጥቦ ይለቃል። የኛን በምን እንነቅለዋለን?” አለቻት።

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እኔ የሚያስቀው ነገር አልገባኝም። ጉንፋኔ ሲለቀኝ ግን ቀዩ መስመር ላይ ሰኞ ማክሰኞ እጫወት ጀመር። አንድ እግሬን ታሪክ ውስጥ፣ ሌላውን ዞን ውስጥ አድርጌ መቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ቤታችን የእንጨት ፎቅ ነው። ቅድመ አያታችን ሠሩት ይባላል። ወደ መንገድ የሚያየው የላይኛው በረንዳ ከመሬት ተነስተው በሚወጡ አራት ምሰሶዎች ላይ ያረፈ ነው። የምሰሶዎቹ አንገት ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተቀርጿል። እማዬ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ብርሃን ፍለጋ መኪናዋን በረንዳው ላይ፣ በትክክል ከሦስተኛው ምሰሶ በላይ ነበር የምታስቀምጠው። ከታች ሆኜ ስሰማ የመኪናዋ ኮቴ በምሰሶው በኩል ይወርዳል። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ ልብስ ሲሰፋ አዳምጥ ነበር።

ሦስተኛው ምሰሶ ከሥሩ ነቅዞ ነበር። አባዬ መሮውን ሲሰካበት እስከ እጀታው ይገባል። ቆርቆሮው ባይሰቀል ኖሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር። አሁን ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፈቃድ ልንጠይቅ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን።

ትምህርት በሌለኝ ቀን ሁሉ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንደኛ ፎቅ ላይ ባለሜትሩ፣ “መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያው ዓይነት እንጨት ነው። በጥድ” ይላል። ጥድ የሚፈቅደው የደን ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ፣ “ጥድ መቁረጥ ክልክል ነው። ለታሪካዊ ቤት ከሆነ ግን ከአንደኛ ፎቅ የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ” ትላለች። እንወርዳለን። ባለሜትሩ፣ “የድጋፍ ደብዳቤ የምንጽፈው እንጨቱ መገኘቱ ሲረጋገጥ ነው” ይላል። እንወጣለን።

እኔ ደረጃውን እየቆጠርኩ በደስታ እወጣና እወርድ ነበር። አባዬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ትልቅ ሰው መሰለኝ። የማይገባበት ቢሮ የለም፤ ሁሉም ደግሞ “ነገ ይምጡ” እያለ ይጋብዘዋል። አንድ ቀን ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን አጥብቆ ሲይዘኝ አመመኝ። “አባዬ፣ አመመኝ” ስለው ቆመና እጄን አየው፤ የራሱ እጅ መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር። አሁን ሳስበው ያን ዕለት አንድ ሰው ሊመታ ፈልጎ ነበር። ምነው መትቶ በነበር እላለሁ።

በዓመቱ ከመንገዱ ማዶ እነ እትዬ ሬዲዮን አስነስተው ሕንፃ ጀመሩ። አራተኛው ፎቅ ሲደርስ ክፍላችን በቀን ይጨልም ጀመር። አምስተኛው ሲደርስ ፀሐይ በረንዳውን ብቻ፣ እሱንም ለጥቂት ሰዓት ብቻ የምትነካው ሆነች። ሕንፃውን የሚያሠራው ሰው እየመጣ መሐል መንገድ ይቆማል። ጫማው ስለሚያብለጨልጭ ባለ ጫማው አልኩት። የራሱን ሕንፃ ሲያይ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ የሚያየው የኛን ቤት ነበር። ወዶት መሰለኝ። አንድ ቀን እጄን አውለበለብኩለት፤ እሱም አውለበለበልኝ።

በግንቦት መጀመሪያ፣ አንድ እሑድ፣ አባዬ እማዬን፣ “የታጠበም ያልታጠበም አንሶላ ካለሽ ሁሉንም በረንዳው ላይ ስጪው” አላት። እሷም እስከ መሬት ድረስ የሚወርድ ነጭ መጋረጃ አደረገችው። ከመጋረጃው ኋላ አባዬ ከጋራዥ በተዋሰው የመኪና ክሪክ የበረንዳውን ወለል የሚሸከመውን ወራጅ እንጨት ከፍ አድርጎ የነቀዘውን ምሰሶ አወጣ፤ በምትኩም የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆመ። አንገቱን ለብዙ ቀናት ጓዳ ውስጥ ተደብቆ በመሮ ቀርጾት ነበር። ቀለበቶቹ ከሌሎቹ ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው። ቀለሙ ግን የወጣት ነው።

“ይኼ ልጅ የመቶ ዓመት ሽማግሌ መምሰል አለበት” አለ፣ ከጥላሸት ጋር የተቀላቀለ የተቃጠለ ዘይት እየቀባው።

“ታዲያ ሪዝ እናብቅልለታ!” አለች እማዬ።

“ሪዙ ይቅርበት። ነቀዝ ነው የጎደለው። እስቲ አሁን ነቀዝ ከየት ይመጣል?”

“እኔ!” አልኩ። “እኔ ነቀዝ እሆናለሁ!”

አባዬ ወስፌ ሰጠኝ። “ነቀዝ ሰካራም ነው፣ ቀጥ ብሎ አይሄድም” ብሎ አስተማረኝ። “እዚህ ሁለት፣ እዚያ አንድ ትበይና ትተኛለሽ። ደግሞ ሲርብሽ ትነሺያለሽ።” ቀኑን ሙሉ በላሁ፣ ተኛሁ፣ በላሁ። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትርፍ ጥላሸቱን በጨርቅ እየጠረገች፣ “ኧረ ይቺ ነቀዝ ሆዷ አይሞላም እንዴ!” ትለኛለች። ስንጨርስ አባዬ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ አየው። “ነቀዜ፣ እኔም ራሴ አላውቀውም” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ነቀዜ ሆነ። በሕይወቴ ከዚያ እሑድ የሚበልጥ ቀን አላየሁም። ለማንም እንዳልናገር ነግረውኛል። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ ሁለት፣ ረቡዕ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባለሜትሩ ደጃችን ላይ ነበር። ባለ ጫማው አብሮት ቆሟል። አባዬ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። ባለሜትሩ አንደኛውን ምሰሶ፣ ከዚያ ሁለተኛውን በጣቱ አንኳኳ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ቆመ። የተቀረጸውን አንገት ዳበሰው፤ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው።

“አዩ ይህን?” አለው ባለ ጫማውን። “የጥንት ሰው እጅ ማለት ይህ ነው። ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አናጺ ከየት ይመጣል? ሁሉም ሚስማር ደብዳቢ ነው።”

“እውነትዎን ነው ጌታዬ” አለ አባዬ፣ መሬት መሬት እያየ።

አንገቱን ሲደፋ አየሁት። የተዋረደ መሰለኝ። ባለሜትሩ ደጋግሞ፣ “የዛሬ አናጺማ!” ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

“አባዬ ነው የሠራው!” ብዬ ጮህኩ። “አንገቱንም አባዬ ነው የቀረጸው! ቀዳዳውን ደግሞ እኔ ነኝ የበሳሁት፣ በወስፌ!”

ከላይ የስፌት መኪናው ቆመ።

ባለሜትሩ ጎንበስ አለ። ፊቱ ላይ ምንም ቁጣ አልነበረም። “ጎበዝ ልጅ! ስንት ቀዳዳ በሳሽ?”

ቆጥሬ አላውቅም፤ ግን ትልቅ ቁጥር መናገር ፈለግሁ። “መቶ አርባ!”

“መቶ አርባ” አለና ጻፈ። ከዚያ የጻፈበትን እርሳስ ሰጠኝ። እርሳሱ ጫፉ ላይ ላጲስ ነበረው። አመሰገንኩት።

አሁን ያን ቀን ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ይታየኛል። ባለሜትሩ “የዛሬ አናጺማ” ሲል ምሰሶውን አልነበረም የሚያየው። አባዬንም አልነበረም። እኔን ነበር የሚያየው።

በማግሥቱ ደብዳቤ መጣ። በሰባት ቀን ውስጥ ሕገ ወጡ ምሰሶ ተነቅሎ ነባሩ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ካልሆነ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ያስፈጽማል ይላል። አባዬ ደብዳቤውን ይዞ ሲሮጥ ተከተልኩት። በዚያ አንደኛ ፎቅ መጀመሪያና መጨረሻ ድምፁን ሲያነሣ ሰማሁት።

“የነቀዘውን መልስ ነው እኮ የምትሉኝ! ሰው ነው የሚኖርበት! እላዩ ላይ የምትቀመጠው ሚስቴ ናት!”

“በረንዳውን አትጠቀሙበት” አለ ባለሜትሩ።

“እሺ፣ ከጎኑ ድጋፍ ላቁም።”

“ድጋፍ የቤቱን የፊት ገጽታ ያበላሻል።”

“የሚወድቅ ቤት ምን ገጽታ አለው?”

“ወንድሜ፣ ልጅዎት ፊት አይጩሁ” አለው። ጨዋነቱ! እስከ ዛሬ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ጨዋነቱ ነው።

አባዬ ካላደረገው ባለ መሰላሎቹ መጥተው ቤቱን ሊዘነጣጥሉት ነው። ስለዚህ በስድስተኛው ቀን ያንኑ ክሪክ ተውሶ፣ ያንኑ የበሰበሰ እንጨት ከጓዳ አውጥቶ፣ በገዛ እጁ መልሶ ተከለው። በዚህ ጊዜ አንሶላ አልተሰጣም። ባለሜትሩ ቆሞ ርዝመቱን ለካ፣ ፈረመ፣ ሄደ። አባዬ የስፌት መኪናውን ወደ ክፍል አስገባና የበረንዳውን በር በገመድ አሰረው።

የዚያን ዕለት ማታ ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ ዱላ ስጠብቅ፣ አባዬ ኮቱን እየሰቀለ፣ “ነቀዜ፣ ውሃ አምጪልኝ እስቲ” አለኝ፤ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ። ጥፋቱ የኔ መሆኑ ያልገባው መሰለኝ። እንዳይገባው ብዬ ለብዙ ዓመት አፌን ዘጋሁ። ያ ስም ምን እያለኝ እንደነበር የገባኝ ራሴ ልጅ ወልጄ ነው።

ነሐሴ ሰባት ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቶ ለጥቂት ጊዜ አባርቶ ነበር። እማዬ ክፍል ውስጥ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ትዘመዝማለች። እኔ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እለያለሁ። ክሩ አለቀባት። ሌላ ቆርጣ በምራቋ አረጠበችና መርፌው ውስጥ ለመክተት ሞከረች። አልገባም። መስኮቱ ጋ ሄደች። ከማዶ ያለው ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ደርሶ ነበርና መስኮቱም እንደ ግድግዳ ነው።

“አሁን ዓይን የሌላት መርፌዋ ናት ወይስ እኔ?” አለች።

ገመዱን ፈታችው። በሩን ገፋ አድርጋ መርፌውን ወደ ብርሃን ዘረጋች። ክሩን በከንፈሯ ይዛ፣ አንድ እርምጃ ወጣች። ሁለተኛ እርምጃ አልነበረም።

ድምፁን አልጽፈውም። ከታች ሲያነሷት ክሩ ገና በከንፈሮቿ መካከል ነበር። እርጥብ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ባለሜትሩ ከባለ መሰላሎቹ ጋር መጣ። አባዬ ሊያነጋግሩት የመጡ መስሎት ተነስቶ ቆመ። ቆርቆሮውን ሊነቅሉ ነው። ወረቀት አነበበ፦ ቤቱ ገጽታው በመፍረሱ የታሪካዊነት ይዘቱን አጥቷል። በዚያው ሳምንት ቀዩን መስመር በጥቁር ቀለም ሸፍነው፣ ሌላ ቀይ መስመር ከቤታችን ጀርባ ቀቡ። እኔ መስመሩ ዞሮ መጥቶ ወደ ዞን ስላስገባን ቤታችን ሊረዝም ነው ብዬ አሰብኩ። ቤቱን የለቀቅንበት ቀን እትዬ ሬዲዮ ከምትኖርበት ሩቅ ሰፈር መጥታ ዕቃ ስትሸክፍልን ዋለች። አንድም ወሬ አላወራችም። ጋሪው ላይ አባዬ መጀመሪያ የጫነው አልጋውን አይደለም፤ ያን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ነው።

አባዬ ባለፈው ጥር ሞተ። ከቀብሩ በኋላ፣ የምይዘው ነገር አጥቼ፣ ያ የጽሕፈት ቤቱ ሕንፃ ሄድኩ። አንዲት ወጣት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የቁጥር 17ን ፋይል ምን ሊያደርግልኝ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ አምጥታ ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት።

ምሰሶው ይነቀል የሚለው ውሳኔ የተጻፈው ግንቦት ሃያ ስድስት ነው። ባለሜትሩ ደጃችን የመጣው ሰኔ ሁለት ነው። ውሳኔው በመኪና ተተይቧል፦ “በቤቱ ላይ ሕገ ወጥ ለውጥ የተደረገ በመሆኑ፣ የተለወጠው ክፍል ወደ ነበረበት ይመለስ።” ከዚያ፣ “የተለወጠው ክፍል” ከሚለው ቀጥሎ፣ ባዶ የነጥብ መስመር አለ። በመስመሩ ላይ በእርሳስ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ “ሦስተኛው ምሰሶ” ተብሎ ተሞልቷል። ውሳኔው ቀድሞ ተፈርሞ ነበር፤ የጎደለው የሚያገኙት ነገር ብቻ ነበር። የበረንዳው ወለል ቢሆን፣ መስኮቱ ቢሆን፣ አንድ ሚስማር ቢሆን። ከውሳኔው ሥር ቀዩ መስመር ይዛወርልኝ የሚል ማመልከቻ አለ። አመልካቹ ከማዶ ሕንፃውን ያሠራው ባለ ጫማው ነው፤ የተጻፈበት ቀን ከውሳኔው በፊት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት እናቴን የገደልኩ እኔ ነኝ ብዬ ኖሬአለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት። አንድ ሰው ግን ያንን ባዶ መስመር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሻዩን እየጠጣ ጠብቋል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ እኔ አለሁ። “የቤቱ ልጅ፣ ዕድሜ አሥር፣ ማንም ሳያስገድዳት በራሷ ፈቃድ አረጋግጣለች። በምሰሶው ላይ በሐሰት የተበሱ 140 ቀዳዳዎች መኖራቸው በባለሙያ ተቆጥሮ ታይቷል።”

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ አባዬ ቤት ሄድኩ። ከከተማው ዳር የሠራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። የባሕር ዛፉ ምሰሶ መሐል ክፍል ላይ ቆሞ ጣሪያውን እንደ ተሸከመ ነው፤ አንድ ጣት አላጋደለም። ወንበር አምጥቼ ከአንገቱ ጀመርኩ። አንድ በአንድ፣ የተቆጠረውን በጠመኔ ነጥብ እያደረግሁ፣ እስከ ሥሩ ወረድኩ። እንዳልሳሳት ብዬ ደግሜ ቆጠርኳቸው።

መቶ ሠላሳ ስምንት ናቸው።